ቫይካዎች «አንገብርም» ያሉ ዕለት

የፊተኛው ጋሪ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ምክትል ገዥው የላከው የወይን በርሜል ተንከባለለና የኩቲ ፋርካሽን ጉልበት መታው።

«ምክትል ገዥው ገና ሳንደርስለት መምታት ጀመረ!» አለ ፋርካሽ ጉልበቱን እያሸ። በአራቱ ጋሪዎች ላይ የተጫኑት የቫይካ ሰዎች ሁሉ ሳቁ።

አርባ ነበሩ። አርባውም ባላባቶች ሲሆኑ ከጭሰኛ የተሻለ ኮት የለበሰ ግን አንድም አልነበረም። የፋርካሽ ቦት ጫማ የእሱና የወንድሙ የጋራ ንብረት ነው፤ ጉባኤ የመሄዱ ተራ ዛሬ የእሱ ስለሆነ ወንድሙ በባዶ እግሩ ቤት ቀርቷል። ቢሆንም በየቆቡ ላይ ረጅም ግራጫ ላባ ተሰክቷል፤ በየጉልበቱ መሀል ጫፉ በእርሳስ የተሞላ ቆመጥ ቆሟል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ ንጉሥ ለቅድመ አያቶቻቸው የሰጠው ባለማኅተም ደብዳቤ ቫይካ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቆልፎበታል። ያ ደብዳቤ እስካለ ድረስ የቫይካ ሰው አይገብርም፤ ለመንገድ ሥራ አይወጣም፤ ድልድይ ሲሻገርም ሳንቲም አይጠየቅም።

ቫይካይ ዴኔሽ ከአጎቱ ከገርገይ ጎን ተቀምጦ የቆዳ ቦርሳውን በሁለት እጁ አቅፏል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ገቲንገን በተባለ የውጭ አገር ከተማ ሦስት ዓመት ተምሮ ከተመለሰ አንድ ክረምት ብቻ አልፏል፤ አሁን የናዳሽ አውራጃ ምክትል ጸሐፊ ነው። ቦርሳው ውስጥ ሰባት ጊዜ ቀዶ ሰባት ጊዜ የጻፈው የውሳኔ ሐሳብ አለ። ዛሬ ከቀትር በኋላ በጉባኤው ፊት ያነበዋል። የአውራጃውን የገንዘብ ሣጥን እስከ ዛሬ ድረስ የሞሉት ጭሰኞች ብቻ ናቸው፤ የመንገዱ፣ የግድቡ፣ የአዋላጇ፣ የእስር ቤቱና የሹማምንቱ ደመወዝ ሁሉ የሚወጣው ከእነሱ ኪስ ነው። ከእንግዲህ ግን፣ ይላል የዴኔሽ ወረቀት፣ ባላባቱም እንደ ጭሰኛው፣ ሁሉም እንደ አቅሙ ይገብር።

እነዚህ አርባ ሰዎች የሚጓዙት ደግሞ ያንን ወረቀት በጩኸት ለመቅበር ነው። አለቃቸው ገርገይ ነው፤ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ዴኔሽን ያሳደገው ገርገይ።

«አጎቴ፣ ትናንት ያልኩዎትን አሰቡበት?»

«አሰብኩበት።» ገርገይ ሪዙን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋ አደረገው። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ አንገቱ ከራሱ ይሰፋል።

«እና?»

«እና የባርላይን ወይን ተቀብያለሁ። ምክትል ገዥው በርሜሉን ሲልክ ‹አርባችሁም ጉባኤ ላይ አንገብርም በሉልኝ› ብሎ ነው። እሺ ብዬ እጁን ጨብጫለሁ። አለቀ።»

«ግድቡስ? አምና ከቫይካ ሦስት ቤት ወስዷል። ሣጥኑ ባዶ ነው። ዛሬ ካልተወሰነ የተራራው በረዶ ከመቅለጡ በፊት ግድቡ የሚጠገንበት አንድ ፎሪንት የለም።»

«ለግድብ ብለህ ገባር ልታደርገኝ ነው?» ገርገይ ዘወር አለበት። «ሁለት በሬ ሸጬ እዚያ ድረስ የላክሁህ ተምረህ መጥተህ ገባር አድርገኝ ብዬ ነው?»

ፋርካሽ ከኋላ አንገቱን በመሃላቸው አስገባ። «እስቲ ገቲንገን፣ ልጠይቅህ» አለ። ከተመለሰ ወዲህ ሁሉም በዚህ ስም ነው የሚጠሩት። «እዚያ አገር ሁሉም ሰው ይገብራል?»

«ሁሉም።»

«ባላባቱም?»

«ባላባቱም።»

«ታዲያ ምን አባክ ልትሠራ ወጥተህ መጣህ?»

ሳቁ ከጋሪ ወደ ጋሪ ተሻገረ። ዴኔሽም ሳይወድ ፈገግ አለ። ጥያቄው ግን ሳቁ ካለቀ በኋላም ሆዱ ውስጥ ቀረ። እዚያ እያለ ናዳሽ በሐሳቡ አንድ ብሎኑ ብቻ የላላ ሰዓት ይመስለው ነበር፤ ተመልሶ ብሎኑን ቢያጠብቀው ሰዓቱ የሚሄድ ይመስለው ነበር። አሁን ሰዓቱ ጉልበት፣ ሪዝና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ያለው ሆነበት፤ ብሎኑም የት እንዳለ ጠፋው።

መንገዱ የኬረሽን ወንዝ ተከትሎ በግድቡ አናት ላይ ይሄዳል። ወንዙ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ፈረሶቹ በራሳቸው ቆሙ። ፊት ለፊት ሠላሳ የሚሆኑ ጭሰኞች እስከ ጭናቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው የአኻያ ቅርንጫፍ ይረበርባሉ። በመሀላቸው የአጎራባች መንደር ሽማግሌ ቾርባ ቬንዴል ቆሞ ያዛል። የግድቡ ጎን፣ መሬት ለመሬት፣ የሰው ክንድ የሚያህል ቡናማ ውሃ ይተፋል።

ቬንዴል ቆቡን አወለቀ። «ጌቶች፣ ጋሪ ማሳለፍ አይቻልም። ፍልፈል በስቶታል። ጋሪ ከወጣበት ይደረመሳል።»

«ድፈኑታ!» አለ ገርገይ።

«እንደፍናለን ጌታው። ሰው አነሰን እንጂ። ቀትር ላይ ውሃው ይጨምራል፤ ያን ጊዜ…» ቬንዴል ከግድቡ በስተጀርባ ወዳለው ሜዳ ተመለከተ። ሜዳው ማዶ የቫይካ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል።

አርባ ሰው ጉልላቱን አየ። አርባ ሰው ደግሞ ጭቃው ላይ የተሰኩትን ትርፍ አካፋዎች አየ። ከጋሪ የወረደ ግን አልነበረም።

ዴኔሽ ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ቫይካ ያደገ ልጅ ሁሉ ታሪኩን ሰምቶታል። ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል፣ ከላይኛው መንደር አንድ ባላባት ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ያመላልሱ የነበሩ ጭሰኞችን አይቶ አዘነና ሁለት ጋሪ ድንጋይ አቀበላቸው። መዝጋቢው ስሙን በግዴታ ሠራተኞች ዝርዝር ላይ አሰፈረው። በሚቀጥለው ዓመት ተጠራ። ስሙን ለማስፋቅ አሥራ አንድ ዓመት ተሟገተ፤ ሙግቱም መሬቱን በላው። ከዚያ ወዲህ በአውራጃው ውስጥ አንድም ድሃ ባላባት በሕዝብ ሥራ ላይ አካፋ ነክቶ አያውቅም። የግል ማሳውን ከጭሰኛ በላይ ይቆፍራል፤ የሕዝብ መሬት ላይ ግን እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል።

ዴኔሽ ከጋሪው ዘሎ ወረደና አካፋ ነቀለ። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ገርገይ ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘው።

«አበድክ? አንተኮ ጸሐፊ ነህ! አንተ ነካኸው ማለት መዝገቡ ራሱ ነካው ማለት ነው!»

«ቤትዎ ሊሰምጥ ነው፣ አጎቴ!»

«ይስመጥ! ቤት ይሠራል። ባላባትነት ከሄደ የት ሄጄ ልግዛው?»

ዴኔሽ አጎቱን በዚያ ሰዓት ሊመታው ተመኘ። ከዚያ የገርገይን ዓይን አየና እጁ ላላ፤ ሰውዬው ፈርቷል። ውሃውንም ዝርዝሩንም ፈርቷል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስበት መምረጥ አቅቶታል።

«ብጽፍልዎትስ?» አለ ዴኔሽ።

«ምን ብለህ?»

«ግዴታ እንደሌለባችሁ።»

ገርገይ ኮሌታውን ለቀቀ። «ማኅተም ይኖረዋል?»

«የእርስዎን ቀለበት እናትምበታለን። የእኔም ፊርማ ይኖራል። መዝገብ ቤት አስገባዋለሁ።»

«ጻፍ!»

ዴኔሽ ቀለሙንና የዝይ ላባ ብዕሩን አውጥቶ ወረቀቱን በጋሪው ጎን ላይ ደገፈ። አርባ ሰው ከቦ ቆመ። ገርገይ ያስጽፋል፣ ፋርካሽ ያርማል፣ ቬንዴል ከሥር ሆኖ ውሃውን ያያል።

«እኛ የቫይካ ባላባቶች» እያለ ዴኔሽ ጮክ ብሎ ጻፈ፣ «ዛሬ በኬረሽ ግድብ ላይ አካፋ ያነሳነው በገዛ ፈቃዳችን፣ ለጎረቤት ስንል ነው እንጂ ግዴታ ኖሮብን አይደለም…»

«‹እንደ ስጦታ› በልበት» አለ ገርገይ።

«እንደ ስጦታ ነው…»

«‹በልጅ ልጆቻችንም ላይ ልማድ ሆኖ እንዳይቆጠር›።»

«ጌቶች» አለ ቬንዴል ከታች፣ «ሁለተኛ ቀዳዳ ተከፈተ።»

«ቆይ አንተ፣ ሕግ እየተጻፈ ነው!» አለ ፋርካሽ። «ገቲንገን፣ ‹በልጅ ልጆቻችን› ብቻ አይበቃም፤ ‹በልጅ ልጅ ልጆቻችን› በልበት። የእኔ ዘር ረጅም ዕድሜ ነው ያለው።»

ገርገይ ቀለበቱን ወረቀቱ ላይ በተንጠባጠበ የሻማ ሞራ ላይ ጫነው። ላባ የተሰካበት ቆቡን አወለቀ፣ በጥንቃቄ ጋሪው ላይ አስቀመጠ፣ ካባውን ጣለ። ከዚያ ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ወጣት ዘሎ ጭቃው ውስጥ ገባ። ሠላሳ ዘጠኙም ተከተሉት።

ዴኔሽ እንዲህ ያለ ሥራ አይቶ አያውቅም። የአንድ ሰዓት ሥራ በግማሽ ሰዓት ሄደ። ቫይካዎች ቅርንጫፍ ያቀብላሉ፣ ጭሰኞቹ ይረግጣሉ፣ ሁሉም ይሳደባል፣ ሁሉም ይዘፍናል። ትልቁ ቀዳዳ ብቻ አልደፈን አለ፤ የጣሉበትን ሁሉ ይተፋዋል። ቬንዴል ላቡን ጠርጎ ቀና ሲል ዓይኑ ጋሪው ላይ አረፈ።

«ጌቶች፣ ያ በርሜል…»

«የለም!» አለ ፋርካሽ። «ቬንዴል፣ ሌላ ነገር ጠይቅ። ነፍሴን ከፈለግህ እሷን ውሰድ።»

«በሸክላ አፈር ብንሞላው ልክ ይሆናል» አለ ቬንዴል።

ገርገይ በርሜሉን አየ። «በቆባችሁ ቅዱ!» አለ በመጨረሻ። «ጭሰኞቹም ይቅዱ። የተረፈው ይፍሰስ።»

የምክትል ገዥው ባርላይ ቀይ ወይን ከሰባ በሚበልጡ ቆቦች ተቀድቶ ተጠጣ፤ ያልተጠጣውም ሣሩ ላይ ፈሰሰ። በርሜሉ አፈር ተሞልቶ ተንከባለለና ቀዳዳው አፍ ውስጥ ተሰነቀረ። በላዩ ላይ አኻያ፣ በአኻያው ላይ አፈር ወረደበት። የሚተፋው ውሃ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ቆመ። ፋርካሽ ከወንድሙ ጋር የሚጋራውን ጭቃ የሞላ ቦት ጫማ አውልቆ እየደፋ፣ «አሁን ይሄንን ምን ብዬ ነው የምመልስለት?» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈነዳ።

ጋሪዎቹ አንድ በአንድ በቀስታ ሲያልፉ ዴኔሽ ከቬንዴል ጋር ወደ ኋላ ቀረ።

«ይህ ስንት ቀን ይይዛል?»

«ከበረዶው በፊት ከሆነ ይይዛል። በረዶው ሲቀልጥ ግን አይችለውም። ከዚህ እስከ ድልድዩ ድረስ ሁለት መቶ ጋሪ ቅርንጫፍ ያስፈልጋል። ስድስት መቶ ፎሪንት ቢሆን ነው። ሣጥኑ አምና የሰጠን ስልሳ ነው።» ቬንዴል እጁን በሣር ጠረገ። «የእኛ ሰዎች ከዚህ በላይ የላቸውም ጌታው። አምና ላም የሸጠ ዘንድሮ የሚሸጠው የለውም።»

ዴኔሽ ቦርሳውን ዳበሰ። «ባላባቱ እንዲያወጣ ዛሬ እንጠይቃለን። ግብር ተብሎ ሳይሆን ስጦታ ተብሎ ቢሆን ቅር ይላችኋል?»

«ስሙን እናንተ አውጡለት። እኛ ቅርንጫፉ ይድረሰን።» ቬንዴል ጥቂት እርምጃ ሄዶ ዞር አለ። «ግን ጌታው፣ እኛ የምናወጣውን ‹ስጦታ ነው› ብንል የሚሰማን ይኖር ይሆን?»

ሽማግሌው ሳይቆጣ ቆቡን ደፍቶ ወደ ሰዎቹ ተመለሰ።

ጋሪው ላይ ገርገይ ደስ ብሎት እስከ ጆሮው ጭቃ ተለውሶ የአሳማ ስብና ዳቦ ይገምጣል። «ሠላሳ ዓመት እንዲህ አልሠራሁም» አለ አፉ ሙሉ እያለ።

«ለምን አልሠሩም?»

«ማን ጠየቀን? የበላዮቻችን ያዙናል፤ የበታቾቻችን ይፈሩናል። ‹እባካችሁ› ብሎ የጠየቀን የለም።»

ዴኔሽ ቦርሳውን ከፈተ። ሰባት ጊዜ የጻፈውን ወረቀት አነበበው። «ሁሉም እንደ አቅሙ ይገብር።» ትክክል ነበር። እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነበር፤ ከሰዓታት በኋላ ግን በአርባ ጉሮሮ ይሞታል። ገልብጦ በጀርባው ጻፈ፦ የናዳሽ አውራጃ ባላባቶች በገዛ ፈቃዳቸው፣ መብታቸው ሳይነካ፣ ለኬረሽ ግድብ በየቤቱ በዓመት አንድ ፎሪንት ለሦስት ዓመት ይሰጣሉ። ስጦታ ነገ ይቀራል። የሰጠ ይከለክላል። የቬንዴል ሰዎች ግን ቢፈልጉም ባይፈልጉም ይከፍላሉ። እውነቱን ለማዳን ሲል ግድቡን ያፍርስ ወይስ ግድቡን ለማዳን ሲል እውነቱን ያጣምም? መምህሮቹ ስለ መንግሥት ብዙ አስተምረውታል፤ ስለ ፍልፈል ግን አላስተማሩትም።

ወረቀቱን ለአጎቱ አነበበለት። ገርገይ ሰማው፣ ዳቦውን ዋጠ፣ መንገዱን ማየት ጀመረ።

«ምን ይላሉ?»

«ቃሌ ቃል ነው ብያለሁ። ወይኑን ጠጣሁት፤ ግድብ ብደፍንበትም ጠጣሁት።»

የአውራጃው አዳራሽ ጣሪያው ላይ ንስር የተሳለበት፣ መሀሉ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ያለበት ነው። ከጠረጴዛው ጫፍ ምክትል ገዥው ባርላይ ዢግሞንድ ሰይፉን ታጥቆ፣ ባለፀጉር ካባውን በአንድ ትከሻው ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ዛሬ ሰብሳቢው እሱ ነው። በናዳሽ ደግሞ ድምፅ አይቆጠርም፤ ይመዘናል፤ የሚመዝነውም የሰብሳቢው ጆሮ ነው። ከቀኙ ገንዘብ ያዡ ሐማሪ ሲልቬስተር ጉንጩ እንደ ዳቦ የተነፋ፣ ትሑት ፈገግታው የማይጠፋ ሰው፣ ወፍራም መዝገቡን ፊቱ ዘርግቶ የትንባሆ ሣጥኑን ይዳብሳል። የየመንደሩ ድሆች ባላባቶች በሁለቱ ግድግዳ ሥር ታጭቀዋል። ቫይካዎች ሲገቡ ወለሉ በጭቃ ተዥጎረጎረ።

«ዋኝታችሁ ነው የመጣችሁት?» አለ ባርላይ።

«ወይንዎ አዳልጦን ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ ፋርካሽ።

ዴኔሽ ቆመ። «የተከበራችሁ መኳንንትና ወገኖች» ብሎ ጀመረና በወረቀቱ ጀርባ የጻፈውን የስጦታ ሐሳብ አነበበ። የቫይካ ጉልላት ከሜዳው ማዶ የሚታይበትን ቦታ ሲጠቅስ ድምፁ ጸና። ሲጨርስ ባርላይ ፈገግ ብሎ ወደ ገርገይ ተመለከተ፤ በዓይኑ ብቻ ጠቀሰው።

ገርገይ ተነሳ። ቆመጡን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መታ።

«አንገብርም!»

«አንገብርም!» አሉ አርባው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። «አንገብርም! አንገብርም!»

ዴኔሽ ቁጭ አለ። ወረቀቱን እንኳ ማጠፍ ረሳ።

ጩኸቱ ሲያልቅ ገርገይ ግን አልተቀመጠም። «ክቡር ምክትል ገዥ፣ ድምፃችን ተሰማ?»

«ከድልድዩ ማዶ ድረስ ተሰምቷል» አለ ባርላይ ደስ ብሎት።

«ቃሌን ፈጽሜያለሁ?»

«እንደ ባላባት ፈጽመሃል።»

«እንግዲያው የወይኑ ነገር ተዘጋ።» ገርገይ ቆመጡን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «አሁን ከወይን ነፃ ሆኜ ልናገር። የወንድሜ ልጅ ያነበበው ግብር ነው ወይ? አይደለም። ጆሮ ያለው ሰምቷል፤ ስጦታ ነው። ግብር ድሃም ይከፍላል፤ አስገድደውት ይከፍላል። ለመስጠት ግን ያለው መሆን አለበት።» በግድግዳው ሥር የታጨቁትን ሁሉ በዓይኑ ዞረባቸው። «እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ፎሪንት መስጠት የማይችል ባላባት አለ? ካለ እጁን ያንሳና ድህነቱን እንወቅለት።»

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ግማሹ ሰው ፎሪንት በእጁ ከያዘ ወራት አልፎታል። እጁን ያነሳ ግን አልነበረም። የላይኛው መንደር ሰዎች የታችኛውን መንደር ሰዎች አዩ፤ የታችኛዎቹ ቫይካዎችን አዩ።

«እኛ ሁለት እንሰጣለን!» የሚል ድምፅ ከወዲያኛው ግድግዳ መጣ። የላይኛው መንደር ነበር።

«አንድ ነው የተባለው፣ አትንጠራሩ!» አለ ፋርካሽ።

«እንሰጣለን!» አለ ገርገይ። አዳራሹ ተቀበለው። ባርላይ እጁን አንስቶ ለማስቆም ሞከረ፤ እንዲህ ያለውን ድምፅ ቀላል ነው ብሎ የሚመዝን ጆሮ ግን አልተፈጠረም። ላብ ያቸፈቸፈው ፊቱ ጥቂት ቆይቶ ወደ ፈገግታ ተመለሰ። ብልህ ሰው ነው። «ተቀባይነት አግኝቷል» አለ።

ከዚያ ወደ ዴኔሽ ጎንበስ አለ። «ደስ ይበልህ ልጄ። ግን አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ምጽዋት መሆኑን ታውቃለህ። ዘንድሮ ስሜት ነው። በሚመጣው ዓመት ይረሳሉ፤ እኔም አላስታውሳቸውም።»

ዴኔሽ ውሳኔውን መዝገቡ ላይ እየጻፈ ነበር። ብዕሩ ቆመ። የሰማው በጋሪው ላይ ለራሱ ያለውን ነበር።

በዚህ መሀል ገርገይ ሰው እየገፋ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ከወገቡ መሀረብ ፈትቶ፣ ከመሀረቡ ውስጥ አንድ የብር ፎሪንት አውጥቶ በሐማሪ መዝገብ ላይ ቁጭ አደረገ።

«ኧረ ጋሼ ገርገይ፣ አይቸኩሉ» አለ ገንዘብ ያዡ በትሕትና። «ዝርዝር ይወጣል፤ ሰው ይመጣልዎታል።»

«የምሰጥ እኔ፣ ሰው የምጠብቅ ለምንድነው? ተቀበል።» ሐማሪ ሳንቲሙን ሲያነሳ ገርገይ ከቦታው አልተነቃነቀም። «የት ነው የምትሄደው?»

«ማን?»

«ፎሪንቴ።»

«ወደ ሣጥኑ ነዋ።»

«ከሣጥኑስ?»

ሐማሪ ሳቀ። «ወደሚያስፈልገው።»

«የሚያስፈልገው ለምን ለምን ነው?»

ሐማሪ ወደ ባርላይ ተመለከተ። የአውራጃው ሒሳብ በየዓመቱ ለጉባኤው ይነበባል፤ ድሮ በላቲን፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በአገሩ ቋንቋ። በላቲን ሲነበብ ባላባቶቹ ያንቀላፉ ነበር፤ በገዛ ቋንቋቸው ሲነበብም ማንቀላፋቱ አልቀረም። ገንዘቡ የእነሱ አልነበረምና።

«ይህ ለባላባት የሚመጥን ጥያቄ አይደለም» አለ ባርላይ በቁጣ። «ሳንቲም የሚቆጥር ገባር ነው።»

«ክቡርነትዎ፣ እኔ ለልጄ ልጅ አንድ ክራይጻር ስሰጥ እንኳ ማታ ‹ምን ገዛህበት?› እለዋለሁ» አለ ገርገይ። «አንብብ፣ ሐማሪ። የአምናውን። ግድቡ ጋ ያለውን።»

ሐማሪ ጣቱን በገጹ ላይ አወረደ። እንደ ልማዱ ቶሎ ቶሎ አነበበ። «ለአዲሱ ገዥ አቀባበል የሰም ሻማና ርችት፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፎሪንት። ለሠረገላቸው የሐር ሽፋን፣ መቶ ዘጠና። ለኬረሽ ግድብ ቅርንጫፍ፣ ስልሳ። ለ…»

«ቆይ» አለ ፋርካሽ። በአንድ እጁ ቦት ጫማውን እንደያዘ በባዶ እግሩ ቀርቧል። «ርችት ማለት ያ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ነው?»

«እሱ ነው።»

«እኔ አላየሁትም።»

«እንግዲህ… ቫይካ ድረስ አይታይም።»

«አሁን ነው የታየኝ» አለ ፋርካሽ።

ሳቅ አልተሰማም። ዴኔሽ ቀና አለ። ከግድግዳው ሥር ሰዎች አንድ በአንድ እየተነሱ ወደ ጠረጴዛው ይጠጋሉ። ቆመጣቸውን አግዳሚው ሥር እየተዉ ነው፤ ለመስማት ሁለት እጅ የሚያስፈልግ ይመስል። የላይኛው መንደር ሽማግሌ እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጓል። አንዱ ለጎረቤቱ፣ «ስልሳ ነው ያለው? ስልሳ ብቻ?» ይላል። ገና አንዲት ፎሪንት ናት የገባችው፤ የተቀሩት አልተሰበሰቡም፤ ሆኖም ሁሉም ያችኑ አንዲት ፎሪንት የራሱ አድርጎ ያያታል። ዴኔሽ ባርላይን አየው። ባርላይ ካባውን ወደ ሁለቱም ትከሻው እየሳበ ነበር፤ አዳራሹ የቀዘቀዘበት ይመስላል። በሚመጣው ዓመት ይረሳሉ ያለው ሰው አሁን ይህን እርግጠኛ ሆኖ መናገር መቻሉን ዴኔሽ ተጠራጠረ። ስለ ራሱ ሐሳብ መጠራጠር የለመደ ልቡ በዚህ አዲስ ጥርጣሬ ደስ አለው።

«ከዚያ ለእስር ቤቱ ማገዶ…» አለ ሐማሪ ገጹን ለመግለጥ እየተጣደፈ።

ገርገይ ትልቁን ጭቃማ እጁን ገጹ ላይ አሳረፈ።

«የለም የኔ ልጅ። ከመጀመሪያው ጀምርልን። ቀስ ብለህ፤ የሚቸኩል የለም።»

አንዱ አግዳሚ ወንበር ጎተተ። ሌላውም ጎተተ። ሐማሪ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ ጉሮሮውን ጠራረገና መዝገቡን ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለጠው።